ሳይገዛ የተሸጠው በሬ

ፈሪ መሆኔን ከአሁኑ ልናገርና ልገላገል። ሰው ጨለማ ይፈራል፣ እባብ ይፈራል፣ የቀበሌ ስብሰባ ይፈራል። እኔ እነዚህን ሁሉ እፈራለሁ፤ በዚያ ላይ ደግሞ ሰዓት እፈራለሁ። የግድግዳ ሰዓት የተሰቀለበት ቤት ከገባሁ ጀርባዬን ለሰዓቱ ሰጥቼ አልቀመጥም። ይህን ስነግራቸው የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሰዓት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አላዩም። እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ አይቻለሁ።

ዘመኑ የምርጥ ተሞክሮ ዘመን ነበር። አንድ ለአምስት ያልተደራጀ ሰው እንደ ባዳ የሚታይበት፣ መሥሪያ ቤቱም ማኅበሩም «የእናንተ ምርጥ ተሞክሮ ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቅበት፣ መልስ ያጣ ደግሞ ግምገማ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥበት ዘመን። የሸዋ ሮቢት የከብት ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበርም ምርጥ ተሞክሮ ሲፈልጉ ሲፈልጉ ደብረ ብርሃን ላይ እኔን አገኙ። ኮምፒውተር ተምሬ ሥራ ያጣሁ፣ ብርድ እንጂ ሙቀት የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት በወረድኩ በመጀመሪያው ቀን ከባጃጅ ላይ ስወርድ ሱሪዬ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ ሹፌሩ በእጁ አላቅቆኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን አቅፈው ሳሙኝና ለሰዉ ሁሉ «ልጃችን ነው» እያሉ አስተዋወቁኝ። ያቺን «ልጃችን» የምትል ቃል ያዙልኝ።

የማኅበሩ ነጋዴዎች ሦስት ገበያ ላይ ይሠራሉ፤ ሸዋ ሮቢት፣ ጀውሃና ወዲያ ከአንኮበር ግርጌ አሊዩ አምባ። ሕመማቸው ሌባ ነው። ከአንዱ ገበያ መንገድ ላይ የተሰረቀ በሬ ሌላው ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ በሬው ቋንጣ ሆኗል። መድኃኒታቸው ደግሞ ዋስ ነው። እዚያ አገር በሬውን ብቻ ይዞ ለመሸጥ የመጣን ሰው ማንም አያናግረውም። ከጎኑ ቆሞ «በሬው የእሱ ነው፤ ነገር ቢመጣ እኔን ያዙ» የሚል፣ ገበያው የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል። ዋስ ያጣ ሻጭ በሬውን እየነዳ የመጣበትን መንገድ ይመለሳል።

የዋሶቹ ሁሉ ቁንጮ ጋሽ ንጉሤ ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ከሽመላቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ የሚጮህ ሰው ብዙም አያስፈራኝም፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ትልቅ ሰው ነው ነፍሴን የሚያስጨንቃት። ራሳቸውም በሬ ይነግዳሉ፤ የሚታወቁት ግን በዋስነታቸው ነው። ከቀወት ገጠር በሬ ነድቶ የመጣ ገበሬ ገና ውሃ ሳይጠጣ «ጋሽ ንጉሤ አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው ቆመውለት የተካደ ገዢ የለም ይባላል። ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩት ሀብት ይህ ቃላቸው ነበር፤ ሌላው ሁሉ፣ ቤታቸውም እርሻቸውም፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ የእኔ ጥበብ ይህን ዋስነት በኮምፒውተር ማገዝ ነው። ሦስቱም ገበያ ላይ አንድ አንድ ላፕቶፕ አስቀመጥን። ጸሐፊዋ በሬ ሲገዛም ሲሸጥም የጆሮ ቁጥሩን፣ የሰዎቹን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፋለች። ጽሑፉ በሞደም እያዘገመ እኔ ክፍል ይደርሳል። ፕሮግራሜ ደግሞ የሦስቱን ገበያ ወሬ አንድ ላይ ደባልቆ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። የአንድ በሬ ሽያጭ ከግዢው ቀድሞ ከተገኘ፣ ሰውየው ያልገዛውን በሬ ሸጧል ማለት ነው፤ ሌባ ነው። ያኔ ፕሮግራሙ ማንንም ሳይጠይቅ ለሦስቱም ገበያ ጥበቃዎችና ለሊቀመንበሩ በስልክ መልእክት ይልካል። «ማንንም ሳይጠይቅ» የምትለዋን በፕሮግራሙ ምረቃ ቀን ደጋግሜ ተናግሬያታለሁ፤ ባልኳት ቁጥር ስለሚጨበጨብልኝ ማቆም አቃተኝ።

ስለ ሰዓት አላሰብክም እንዳትሉኝ። አስቤ ነበር። ኮምፒውተር የሚያስበው በፈረንጅ ነው፣ ጸሐፊዎቹ የሚጽፉት በሐበሻ ነው። ስለዚህ ቀኑን ወደ ፈረንጅ መለስኩት፣ ሰዓቱንም በስድስት አስተካከልኩት፤ ከቀኑ የተባለው ቀን ላይ፣ ከሌሊቱ የተባለው ሌሊት ላይ እንዲውል አደረግኩ። ስጨርስ ሰዓት የሚባለውን ነገር አንገቱን ይዤ ያስጎነበስኩት መሰለኝ። ጭማቂ ቤት ገብቼ ለራሴ አንድ ብርጭቆ አቮካዶ ጋበዝኩ። ቀኑ ማለቁን እንጂ ሲያልቅ የት ላይ እንደሚያልቅ ማሰብ በፍጹም ትዝ አላለኝም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፓፓያ እየበላሁ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፤ «ዳማ ቦቃ በሬ። ሻጭ ንጉሤ። ገበያ ጀውሃ። ሳይገዛ የተሸጠ። በሬውም ሰውየውም ይያዝ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ፕሮግራሙ ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ፤ ለጆሮ ደስ ስላለችኝ። አሁን ሳነባት ፓፓያውን ወደ ሳህኑ መለስኩት።

ኮምፒውተሩ እንደሚለው ጋሽ ንጉሤ በሬውን ጀውሃ ላይ የሸጡት ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ የገዙት ግን ሰኞ እኩለ ቀን ነው። መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ሰውየው ሌባ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ኮምፒውተር አይዋሽም ብዬ ሰው ያስተማርኩ እኔ አይደለሁ? ወዲያው ግን ሰኞ እኩለ ቀን የከብት ተራው ውስጥ እንደነበርኩ ትዝ አለኝ። ያ ዳማ ቦቃ በሬ ግዢው ሲጸና አጠገቤ ቆሞ በጭራው እበት ረጭቶብኛል፤ እበቱ የደረቀበት ሸሚዜ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰኞ እኩለ ቀን ሸሚዜን ያበላሸ በሬ፣ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ጀውሃ ላይ ሊሸጥ አይችልም። እንግዲያው ያበደው የእኔ ሥራ ነው። ሰውነቴን ላብ አጠመቀው፤ ይኼኛው የሙቀቱ አልነበረም።

ጀውሃ ላይ ለምትጽፈው ለዘይነባ ደወልኩ። ዘይነባ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት፤ ስልኩን አንስታ የሆነውን ነገረችኝ። ጥበቃዎቹ በሬውን ከገዢው ከሐጂ ዑመር እጅ፣ ገበያው እያየ፣ ቀምተው በሩ ላይ አስረውታል። በሬው መቼ ነው የተሸጠው አልኳት። ዛሬ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል አለችኝ። የቆላ ነገር፣ ጀውሃ ላይ ግብይቱ የሚሞቀው ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ ሌላው ነጋዴ በሬውን ቀናት አሳርፎ ሲሸጥ፣ ጋሽ ንጉሤ ግን ሰኞ የገዙትን በማታው ቅዝቃዜ ነድተው አድረው ሸጡት።

«ታዲያ ለምን ሰኞ ብለሽ ጻፍሽው?» አልኳት።

«ወላሂ፣ ፀሐይ መች ወጣችና!» አለች። «ሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት አልኩ። ሳይነጋ ማክሰኞ ልበል?»

ምን ይባላል? እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምጽፈው፤ እናቴም፣ መላው ደብረ ብርሃንም። እኛ ዘንድ ሌሊት የሚጓዘው ካለፈው ቀን ጋር ነው፤ ቀኑ የሚገለበጠው ሲነጋ፣ ፀሐይ ምስክር ሆና ነው። ፈረንጅ ግን ቀኑን የሚገለብጠው እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ማንም ሳያየው ነው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ሰዓቱን ብቻ ነው ፈረንጅ ያደረገው፤ የሰኞን ሌሊት ወስዶ የሰኞ መጀመሪያ ላይ ለጠፈው። በሬው በአንድ ሙሉ ቀን ወደ ኋላ ተነድቶ፣ ሳይገዛ ተሸጦ ቁጭ አለ። እንዲህ ያለ በሬ ነጂ በየትኛውም ገበያ ታይቶ አይታወቅም።

ፈሪ ሰው ሲሳሳት ቶሎ ነው የሚያርመው፤ ቶሎ ሲያርም ደግሞ የባሰ ይሳሳታል። ፕሮግራሙን አዘዝኩት፤ ጸሐፊዎቹ የጻፉትን ሰዓት ተው፣ እያንዳንዱ ላፕቶፕ በራሱ ሰዓት የመዘገበውን ውሰድ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ እንደገና ደርድር አልኩት። መሣሪያ ሰኞና ማክሰኞን አያምታታም ብዬ ነው። የአሊዩ አምባው ላፕቶፕ ግን የውስጥ ባትሪው ከሞተ ሰንብቷል። ጠዋት ጠዋት በተከፈተ ቁጥር ገና ከፋብሪካ የወጣ ዕለት እየመሰለው ነው የሚነቃው። ይህን አውቅ ነበር። ለባትሪው ግዢ ማመልከቻ ያስገባሁ ራሴ ነኝ፤ ማመልከቻው እስከ ዛሬ በሂደት ላይ ነው።

ስለዚህ አሊዩ አምባ ላይ የተሸጠ ከብት ሁሉ ገና ሳይወለድ ተሸጦ ተገኘ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየዘለለ ይጮህ ጀመር። ሳይገዛ የተሸጠ፣ ይያዝ። ሳይገዛ የተሸጠ፣ ይያዝ። ከሦስቱ ገበያ ነጋዴ አንድ ጊዜ አሊዩ አምባ ወርዶ ያልሸጠ የለም፤ ዋሶቹ ደግሞ ሁሉም ነጋዴ ናቸው። በሻይ መጠጫ ጊዜ ውስጥ የአገሩ ዋስ በሙሉ ሌባ ሆነ። ገመዱን ከሶኬቱ ስነቅለው ፕሮግራሙ ጸጥ አለ፤ የወጣውን መልእክት ግን ማን ይመልሰው?

ሊቀመንበሩ ደወሉ። ሁልጊዜ የሚታወቁት በጎርናና ድምፃቸው ነው፤ ያን ጊዜ ግን በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት። የእሳቸውም ስም ወጥቷል፤ የገዛ ጥበቃቸው መልእክቱን ካነበበ በኋላ አንዴ ስልኩን አንዴ እሳቸውን እያየ በር ላይ ቆሟል። ከክልል ምርጥ ተሞክሮ የሚጎበኝ ቡድን ሊመጣ ነው አሉ። ሐጂ ዑመር ከወንድሞቻቸውና ከወንድሞቻቸው ልጆች ጋር፣ ሁሉም ዱላቸውን ይዘው፣ በአይሱዙ ተጭነው ከጀውሃ ተነስተዋል አሉ። ጋሽ ንጉሤን ነው የሚፈልጉት፤ ጋሽ ንጉሤ ደግሞ በጠዋቱ ከጀውሃ ተመልሶ አንተን እየፈለገህ ነው አሉኝ። በመጨረሻም ከዛሬ ጀምሮ እንደማያውቁኝ ነግረውኝ ዘጉት።

ያ አገር በከብት ነገር እንደማይቀልድ የማያውቅ የለም። በአንድ በሬ የተነሳ ጠብ አባት ለልጅ ሲያወርሰው አይቻለሁ። ዱላ ሲነሳ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ከዚያ በኋላ ደሙ ስንት ዓመት ሲፈለግ ይታየኝ ጀመር፤ የዚህ ሁሉ መነሻ ደግሞ እኔና አንድ ሌሊት። ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። እበት የነካውን ሸሚዝም ሳልተወው አብሬ ከተትኩ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ መናኸሪያ፣ አውቶቡስ፣ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ፣ ከነጫማዬ።

በር ላይ የምታልፈውን የመጀመሪያዋን ባጃጅ አስቆምኩና አንገቴን ደፍቼ ዘልዬ ገባሁ። ከጎኔ አንድ ሰው ተቀምጧል። መጀመሪያ ያየሁት ሽመሉን ነው። ከሽመሉ ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ትከሻው ወጣሁ። ትከሻው ባጃጇን ሞልቷል።

ከሚሄድ ባጃጅ መዝለል እንደሚቻል አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቦርሳዬን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ንጉሤ ቦርሳዬን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ለሹፌሩ ወደ ከብት ተራ ንዳ አሉት። እኔ መናኸሪያ ወራጅ ነኝ ለማለት አፌን ስከፍት ሹፌሩ ባጃጇን አዙሯት ነበር። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመቱኝም። የበለጠ ፈራሁ።

«ሐጂ ዑመር በሬውን ሲገዛኝ ዋስ አልጠየቀኝም» አሉ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው። «ንጉሤ ነው ብሎ ነው የገዛኝ። ዛሬ ግን በስልክ ዋስ ጥራ ብሎኛል። በዕድሜዬ ዋስ ጥራ ተብዬ አላውቅም።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ ለማለት ሞከርኩ። የሰኞ ሌሊት ምናምን ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ዋሶቹን ሁሉ ሌባ አደረግሃቸው። ሦስቱ ገበያ ላይ ስሙ ያልተነሳ ሰው አንተ ብቻ ቀረህ፤ በሬ ሸጠህ ስለማታውቅ። ስለዚህ ዋሴ አንተ ነህ።»

የከብት ተራው ዛፍ ሥር ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። አይሱዙው ደርሷል። በአንድ በኩል የሐጂ ዑመር ወንድሞችና የወንድሞቻቸው ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በሌላው በኩል የጋሽ ንጉሤ ዘመዶች ተክለው፣ አንዱ ሌላውን ላለማየት ሁሉም በሬዎቹን ያያል። መሐል ላይ በአይሱዙው አብሮ የመጣውን ያን ዳማ ቦቃ በሬ ሁለት የጀውሃ ጥበቃዎች ይዘውታል። ሐጂ ዑመር ጢማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ቀጭን፣ ክብራቸው የተነካ ሽማግሌ ናቸው። ሊቀመንበሩ ከኋላ ቆመዋል፤ እኔን ሲያዩ የሆነ ደመና ሰማይ ላይ ፈልገው አገኙ።

ሐጂ ዑመር ብዙ አልተናገሩም። ለንጉሤ ክፉ አልመኝም፣ ግን በሬው ከእጄ ላይ ተቀምቷል፣ ገበያው አይቶኛል፤ ዋስህን አቁም አሉ። ጋሽ ንጉሤ ትከሻዬን ይዘው ወደ መሐል ገፋ አደረጉኝ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ። እጃቸው ላዬ ላይ ሳለ ተደግፌበት ኖሮ ልወድቅ ነበር።

ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ዓመት ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ቃል ነው። የሐጂ ዑመርን የወንድም ልጅ ዱላ እያየሁ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «በሬው የጋሽ ንጉሤ ነበር፤ ሲገዙት አይቻለሁ። የዋሸው የእኔ መሣሪያ ነው። ነገር ቢመጣ እኔን ያዙ» አልኩ።

ሐጂ ዑመር ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈርቼው ነበር፤ መጣ።

«አንተን ደግሞ ማን ያውቅሃል? አገርህ ሌላ። ቤት የለህ፣ ከብት የለህ። ለአንተስ ዋስህ ማነው?»

ሊቀመንበሩን አየሁ። «ልጃችን ነው» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ደመናቸውን አልለቀቁም። ጥበቃዎቹን አየሁ፣ እነሱም በሬውን። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሰው በተሰበሰበበት መሐል ማልቀስ ይቻል ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነበር።

«ለእሱ እኔ አለሁ» አሉ ጋሽ ንጉሤ ከኋላዬ። «ነገር ቢመጣ እኔን ያዙ።»

ሐጂ ዑመር ያን ቃል ከእሳቸው አፍ ስንት ገበያ እንደሰሙት አላውቅም። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ነቀነቁና «እሺ፤ አንተ ከቆምክለትማ ይበቃኛል» አሉ። ያሉትን መልሰው ሲሰሙት ፊታቸው ላይ ይታያል። ከወንድሞቻቸው አንዱ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አመለጠው።

«ወላሂ» አሉ ሐጂ ዑመር ቀስ ብለው፣ «ሌባ ነህ ብዬ የመጣሁበትን ሰው ዋስ አድርጌ ተቀበልኩት እኮ።» ዱላቸውን ከመሬት ነቀሉ። «አላህ ይቅር ይበለኝ። በሬዬን ፍቱልኝ።»

በዚሁ አለቀ። ባጃጇ ውስጥ ሆኜ ስለ ጎህና ስለ እኩለ ሌሊት በልቤ ያሰናዳሁት ረጅም ማብራሪያ ነበረኝ፤ ለመናገር አፌን ስከፍት ሰዉ ተበትኖ፣ የአይሱዙው ሹፌር በሬውን መኪናው ላይ የሚያወጣበት እንጨት እየፈለገ ነበር። ሊቀመንበሩ መጥተው አቀፉኝ። የሰጋሁት ደም ሳይፈስ ቀርቷል፣ እኔም ሳልመታ ተርፌያለሁ፤ ሰውነቴ ግን ይህን አላመነም።

ቦርሳዬን አንስቼ ቀስ ብዬ ወደ መናኸሪያው ማዝገም ጀመርኩ። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ ሲጣራ ከዚያ ድረስ ይሰማል። ጋሽ ንጉሤ መንገድ ላይ ደረሱብኝ። ቦርሳዬን አዩት።

«መሄድህ ነው?» አሉኝ።

ወደ አውቶቡሱ አየሁ።

«ሂድ» አሉ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «አንተን ማንም አይይዝህም። የሚያዘው እኔ ነኝ።» ሽመላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወደ ገበያው ተመለሱ።

አውቶቡሱ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ተመለስኩና የነቀልኩትን ገመድ ሶኬቱ ላይ ሰክቼ የፕሮግራሙን ሌሊት ማረም ጀመርኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈራሁት ሁሉ ለራሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሰኞ ሌሊት የተሸጠ በሬ ባየሁ ቁጥር የምፈራው ለጋሽ ንጉሤ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ቢገቡም አይለቅም።